ከተማ በሦስት መንገድ ያድጋል፤ የምናየው ግን አንዱን ነው

አንዲት እናት እንውሰድ። ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ተወለደች፣ እዚያው አደገች፣ እዚያው ጎጆ ወጣች። ልጅ ሳለች ደጃፏ ላይ ቆማ የምታየው ማሳ ብቻ ነበር። አንድ ዓመት መንገድ ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለው ሄዱ። በዓመቱ ከማሳው ማዶ ብሎኬት ማምረቻ ተከፈተ። ከዚያ የባሏ ወንድም ከእርሻው ቆርሶ ሸጠ። ገዢው ቤት ሠራበት። ጎረቤት ይህን አይቶ እሱም ሸጠ። ሚኒባስ መመላለስ ጀመረ። የመብራት ምሰሶ ተተከለ። ልጇ ማረሱን ትቶ ግንበኛ ሆነ። አንድ ቀን የቆጠራ ሠራተኛ በሯን አንኳኩቶ ስሟን መዘገበ። ሪፖርቱ ሲወጣ ይህች እናት «የከተማ ነዋሪ» ሆና ተገኘች። ከቤቷ አንድ እርምጃ አልተነቃነቀችም። ከተማው ነው እሷ ዘንድ የመጣው።

በእሷ የጀመርኩት በምክንያት ነው። የከተማ መጨናነቅ በተነሳ ቁጥር ጣታችንን የምንቀስረው አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ነው። «ከገጠር የሚመጣው ሰው በዛ» እንላለን። ፍልሰት በእርግጥም ትልቅ ምክንያት ነው። ግን ከሦስት አንዱ ነው። ሁለተኛው ከተማው ውስጥ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሦስተኛው ከዚያች እናት ደጃፍ ላይ ነው። ሁለቱ ሻንጣ ይዘው ስለማይወርዱ ዓይን ውስጥ አይገቡም። ይህን አለመለየት ብዙ አገሮችን ዋጋ አስከፍሏል፤ እመለስበታለሁ።

አስቀድመን የነገሩን ስፋት እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1950 በመላው ዓለም ከተማ ውስጥ የሚኖረው ሰው 750 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከ10 ሰው 3ቱ ማለት ነው። በ2018 ቁጥሩ 4.2 ቢሊዮን ደረሰ፤ ከ100 ሰው 55ቱ ከተሜ ሆነ። ሚዛኑ የዞረው በ2007 አካባቢ ነው። በሰው ልጅ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሜው ገጠሬውን በቁጥር በለጠ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2018 ባወጣው ትንበያ መሠረት ደግሞ በ2050 ከ100 ሰው 68ቱ በከተማ ይኖራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የከተማ ሕዝብ ቁጥር ማደግ ነው። ሌላው ከተሜነት የሚባለው ነው፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ የከተሜው ድርሻ ማለት ነው። 10 ሚሊዮን ሕዝብ ያለውን አገር አስቡ። 2 ሚሊዮኑ ከተማ፣ 8 ሚሊዮኑ ገጠር ይኖራል። ከዓመታት በኋላ ሁለቱም እጥፍ ሆኑ እንበል። ከተማው 4፣ ገጠሩ 16 ሚሊዮን ሆነ። የከተሜው ድርሻ ያው 20 በመቶ ነው፤ ከተሜነት ንቅንቅ አላለም። ከንቲባው ግን ለ2 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰው ውሃ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ማዘጋጀት አለበት። ድርሻው አልጨመረም ቢባል እሱን የሚያጽናናው ነገር የለም።

ወደ ፍልሰቱ እንምጣ። ሰው ቀዬውን የሚለቀው በብዙ ምክንያት ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን መሬት አይለጠጥም። አባት ብቻውን ያረሰውን ማሳ አራት ወንድማማቾች ሲካፈሉት፣ ለአንዱ የሚደርሰው ቁራሽ ሚስትና ልጅ አያኖርም። በሌላ በኩል ትራክተር ሲመጣ ሃያ ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ይሠራዋል፤ አሥራ ዘጠኙ መሄጃ ይፈልጋል። ድርቅና ጦርነት ሲጨመሩ ደግሞ ጉዳዩ የምርጫ መሆኑ ይቀራል።

ኑዋክሾት ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። የሞሪታኒያ ዋና ከተማ እንድትሆን በ1950ዎቹ መጨረሻ ስትመረጥ በአትላንቲክ ዳርቻ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ሲነድፏት ያሰቡት ለ15 ሺህ ሰው ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ድርቅ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለውን የሳህልን ምድር መታ። የዘላኖቹ ከብትና ግመል አለቀ። መንጋው ያለቀበት አርብቶ አደር በረሃው ውስጥ የሚያቆየው ነገር የለም። ድንኳኑን ጠቅልሎ መጥቶ ከከተማዋ ዳር ተከለው። ጎረቤቱም እንዲሁ። ዝናብ ሲመለስ እንመለሳለን ያሉት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፤ ድንኳኑ ቀስ በቀስ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ግንብ ሆነ። ዛሬ ከተማዋ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ለ15 ሺህ ሰው የታሰበች ከተማ መሆኗን ሳስብ የነዳፊዎቹ ስህተት አይደለም የሚታየኝ። ማንም ቢሆን እንዲያ ያለ ነገር አይገምትም ነበር።

የሚገፋው ይህ ሲሆን የሚስበውም አለ። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት። «ከተማው ውስጥ ሥራ አጥ ሞልቶ ሰው ለምን ይመጣል?» ብሎ የሚገረም ብዙ ነው። በ1970 ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ለዚህ ቀላል መልስ ሰጡ። ሰው የሚያሰላው አሁን ያለውን ገቢ ሳይሆን ተስፋውን ነው። ገጠር 10 የሚያገኝ ወጣት ከተማ ሥራ ካገኘ 30 ያገኛል እንበል። ሥራ የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የ30 ግማሽ 15 ነው፤ ከ10 ይበልጣል። ስለዚህ ይሄዳል። ሞኝነት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ከባድ ነው። ከተማው አዲስ ሥራ ሲፈጥር ዕድሉ ከፍ ስለሚል የሚመጣውም ይጨምራል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ሥራ መፍጠር ብቻውን ሥራ አጥነትን ላያጠፋ ይችላል።

ሌላው ሳይነገር የማያልፈው የፍልሰት ጠባይ ሰው በአብዛኛው ሩቅ አለመሄዱ ነው። ራቨንስታይን የተባለ ጀርመን ተወላጅ ሊቅ በ1885 የብሪታንያን የሕዝብ ቆጠራ አገላብጦ ይህን ጽፏል። አብዛኛው ፈላሽ አጭር ርቀት ነው የሚሄደው። ከመንደር ወደ ትንሽ ከተማ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ደረጃ በደረጃ። አንዱ በለቀቀው ቦታ ሌላው ከኋላ ይገባል። ሴቶች ደግሞ፣ በአጭር ርቀት ላይ፣ ከወንዶች ይልቅ ይንቀሳቀሳሉ ብሏል። ይህ ከተባለ 140 ዓመት አለፈው፤ ብዙው ዛሬም ይሠራል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ዘመድ። ቀድሞ የሄደ አጎት ወይም የአክስት ልጅ ማደሪያ ይሆናል፣ ሥራ ያፈላልጋል። አንድ ሰፈር ውስጥ የአንድ መንደር ሰዎች ተሰብስበው የሚገኙት ለዚህ ነው።

አሁን ሁለተኛው መንገድ፤ ልደት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን።

ድሮ ከተማ ሰው ይበላ ነበር። ቃሉን አላጋነንኩትም። በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ ለንደን ውስጥ በአብዛኛው ጊዜ ከሚወለደው የሚሞተው ይበልጥ ነበር። ከተማዋ ያደገችው፣ እንዲያውም ባለችበት የቆመችው፣ ከገጠር በሚጎርፉ ወጣቶች ነው። እነሱ ባይመጡ ኖሮ ትመናመን ነበር። ምክንያቱም የሚጠጡት ውሃና የሚያስወግዱት ፍሳሽ አንድ ቦታ ይገናኙ ነበር። በ1801 ለንደን 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ 6.5 ሚሊዮን ገደማ። መሀል ላይ ምን ሆነ?

በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ተነሳ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ተከታተለ፤ በኋላም ካርታ ላይ አሰፈረው። ቤቶቹ ብሮድ ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ ያለን አንድ የውሃ ፓምፕ ከበው ተገኙ። የፓምፑን እጀታ አስነቀለ። ግን ብዙ ሰው ገና አላመነውም። በ1858 በጋ ሙቀቱ ሲበረታ የቴምዝ ወንዝ ሸተተ። ፓርላማው ያለው ወንዙ ዳር ነው። መጋረጃዎቹን ሽታውን እንዲያጠፋ በኖራ ክሎራይድ ነክረው ሰቀሉ፤ አልሆነም። ለዓመታት ሲንከባለል የነበረው የፍሳሽ መስመር ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸደቀ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ሥራውን ጀመረ። ንጹሕ ውሃና ፍሳሽ ሲለያዩ ሞት ቀነሰ፤ ከተማ ሰው መብላቱን ተወ።

አውሮፓ ይህን ለማድረግ ረጅም ዘመን ፈጅቶባታል። ፋብሪካው፣ ገንዘቡ፣ ቱቦው፣ ክትባቱ ቀስ በቀስ እየተከታተሉ መጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያደጉት የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ከተሞች ግን ክትባቱንና መድኃኒቱን ያገኙት ገንዘቡ ሳይመጣ ነው። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት በሕይወት ተርፈዋል። ውጤቱ ግን ሞት በፍጥነት ወርዶ ልደት ባለበት መቆየቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በየዓመቱ ከተማው ላይ ይደመራል።

የሚመጣው ሰው ደግሞ ወጣት ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ከተማ ትገባለች፣ ትሠራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች። በቆጠራው ላይ እሷ ፈላሽ ናት፤ ልጆቿ ግን የከተማው ተወላጆች ናቸው። ስለዚህ ፍልሰቱና ልደቱ ሙሉ በሙሉ የሚነጣጠሉ አይደሉም። ያም ሆኖ በብዙ ታዳጊ አገሮች ከከተማው ዕድገት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው እዚያው ከሚወለዱት ነው። መናኸሪያው ነገ ቢዘጋ እንኳ ከተማው ማደጉን አያቆምም።

ሦስተኛው መንገድ የዚያች እናት ነው። ከተማው ይሰፋል፣ ወሰኑ ይገፋል፣ መንደሩ ስሙን ይለውጣል። ለመሆኑ ከተማ ማለት ምንድን ነው? አንድ ወጥ መልስ አልነበረም። ስዊድንና ዴንማርክ ተጠጋግተው የሚኖሩ 200 ሰዎች ካሉ ከተሜ ይሏቸዋል። ሕንድ ቢያንስ 5,000 ነዋሪ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 400 ሰው፣ ከሠራተኛ ወንዶቹ ሦስት አራተኛው ከእርሻ ውጭ የሚሠራ መሆኑን ትጠይቃለች። በዚህ መለኪያ በ2001 ሕንድ ውስጥ በሕግ ከተማ ሳይባሉ በቆጠራ ብቻ ከተማ የሆኑ ቦታዎች 1,362 ነበሩ። በ2011 ግን 3,894 ሆኑ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ2,500 በላይ መንደሮች ተነስተው የትም ሳይሄዱ ከተማ ሆኑ ማለት ነው።

መለኪያው ምን ያህል እንደሚያሳስት የኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ ታሳያለች። በ2018ቱ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት 10 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። በ2025ቱ ሪፖርት 42 ሚሊዮን ገደማ ሆና፣ ለረጅም ጊዜ አንደኛ የነበረችውን ቶኪዮን በልጣ ተቀመጠች። በሰባት ዓመት 30 ሚሊዮን ሰው አልጨመረባትም። የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። ቀድሞ የሚወሰደው በአስተዳደር ወሰኗ የታጠረው ሕዝብ ነበር። አሁን አገሮች በየራሳቸው የሚሰጡት ትርጉም ተትቶ፣ ሰው ተጠጋግቶ የሰፈረበት ቦታ ሁሉ በአንድ ዓይነት መስፈርት ይቆጠራል። በዳሯ ያሉት የተያያዙ ከተሞች ሁሉ አብረው ገቡ። በዚህ በአዲሱ ስሌት ከዓለም ሕዝብ 45 በመቶው ቢያንስ 50 ሺህ ሰው ተጠጋግቶ በሰፈረባቸው ከተሞች ይኖራል፤ ከቀሪውም ብዙው በትናንሽ ከተሞች። ስለዚህ «የከተሜው ቁጥር ይህን ያህል ነው» የሚል ዜና ስታነቡ በምን ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁ።

የዓለም ካርታው ላይ ሲታይ ዕድገቱ እኩል አልተሰራጨም። በ2018 ከሰሜን አሜሪካ ሕዝብ 82 በመቶው፣ ከላቲን አሜሪካና ካሪቢያን 81 በመቶው፣ ከአውሮፓ 74 በመቶው ከተሜ ነበር። እነዚህ ጋ የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ ፍጥነቱ ቀንሷል። እስያ ግማሽ ላይ ነበረች፤ አፍሪካ 43 በመቶ ላይ። ስለዚህ እስከ 2050 ከሚጨመረው የከተማ ሕዝብ 90 በመቶ ያህሉ የሚጨመረው በእነዚህ በሁለቱ አህጉሮች ነው ተብሎ ተተነበየ። በዚያው ትንበያ ሕንድ፣ ቻይናና ናይጄሪያ ብቻቸውን ከጭማሪው አንድ ሦስተኛ በላይ ይይዛሉ። የናይጄሪያዋ ሌጎስ በ1950 ነዋሪዋ 300 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው።

ወሬው ግን ሁልጊዜ ስለ ግዙፎቹ መሆኑ ቅር ያሰኘኛል። 10 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሰው ያላቸው ከተሞች በ2018 የያዙት ከስምንት ከተሜ አንዱን ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ ከተሜ የሚኖረው ከ500 ሺህ በታች ሰው ባላቸው ከተሞች ነው። እነዚህ ከተሞች መሐንዲስ የላቸውም፣ በቂ በጀት የላቸውም፣ ጋዜጠኛም አይሄድባቸውም። በዓመት 5 በመቶ የሚያድግ ከተማ በ14 ዓመት እጥፍ ይሆናል። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርስ ሁለተኛ ያንኑ የሚያክል ከተማ ይጨመራል። የዚያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ግን ያለው ያው የድሮው ቢሮ፣ ያው የድሮው ካርታ ነው።

ሌላው ልዩነት ፋብሪካ ነው። የእንግሊዟ ማንቸስተር ዕድገት ከጨርቅ ፋብሪካዎቿ ጋር ነው። የቻይናዋ ሼንዠን በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ሆና ፋብሪካው ሲተከልባት በ2020 ቆጠራ 17.5 ሚሊዮን ሰው ተገኘባት። ብዙ የአፍሪካ ከተሞች ያደጉት ግን ፋብሪካ ሳይከተላቸው፣ በንግድ፣ በአገልግሎትና በመንግሥት ሥራ ነው። ሰው ይመጣል፤ መደበኛ ደመወዝ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው። ገቢ ሳይኖር ቤት ይፈለጋል፤ ቤቱ ያለ ቱቦና ያለ ካርታ ይሠራል። በዓለም ላይ በእንዲህ ዓይነት የተጎሳቆሉ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ከ1 ቢሊዮን በላይ ነው። ውሃ በጄሪካን የሚገዛ ቤተሰብ ለአንድ ሊትር የሚከፍለው ቱቦ ከገባለት ሀብታም ይበልጣል። ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

የሚያሽቆለቁሉም አሉ። የአሜሪካዋ ዲትሮይት በ1950 1.85 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በ2020 640 ሺህ ገደማ ቀራት። ለ1.85 ሚሊዮን ሰው የተዘረጋው ቱቦና መንገድ ግን አልቀነሰም፤ ወጪውን የሚሸከሙት የቀሩት ናቸው።

እመለስበታለሁ ያልኩት የዋጋ ነገር ይኸው። ዕድገቱ ሁሉ ከመናኸሪያው የሚመጣ የመሰላቸው መንግሥታት በሩን ለመዝጋት ሞክረዋል። የጃካርታው ገዥ አሊ ሳዲኪን በ1970 ከተማዋን «ዝግ ከተማ» ብለው አወጁ። ያኔ 4.5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነበራት፤ በአስተዳደር ወሰኗ ብቻ እንኳ በ2018 10 ሚሊዮን ገደማ መድረሷን ከላይ አይተናል። ደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችን ያለ መታወቂያ ደብተር ከተማ እንዳይገቡ ከለከለች፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ፤ ሕጉ በ1986 ተሻረ። ቻይና በ1958 ሁኮ የሚባለውን የመኖሪያ ምዝገባ አጠበቀች። ለተወሰነ ጊዜ ፍልሰቱን ገታው። በኋላ ግን ፋብሪካው ሰው ሲፈልግ ሰው መጣ፤ ምዝገባው ገጠር ቀረ። በ2020 ቆጠራ ከተመዘገበበት ቦታ ውጭ የሚኖረው 376 ሚሊዮን ሰው ነበር። የፋብሪካውን ሥራ ይሠራል፤ ልጁን ግን እዚያው ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት ይቸግረዋል። እገዳው ቁጥሩን አላስቀረም፤ ያስቀረው መብትን ነው።

በተቃራኒው ቀድሞ የተዘጋጀ ከተማ ምን እንደሚያደርግ ኒው ዮርክ አሳይታለች። በ1811 ከተማዋ 100 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ሳላት፣ ሦስት ኮሚሽነሮች የማንሃተንን መንገዶች እስከ 155ኛው ድረስ ካርታ ላይ አሰመሩ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው መሬት እርሻ፣ ረግረግና አለት ነበር። ቤት አልሠሩም፣ ቱቦ አልቀበሩም። መንገዱ የሚያልፍበትን ብቻ ለዩ። ማሳው ሲሸጥ መንገዱ ቦታው አስቀድሞ ተይዞለታል፤ ቱቦውም፣ በኋላ የምድር ባቡሩም በዚያው መስመር ሄደ። ቀያሹ ጆን ራንደል የሰው ማሳ ረግጠሃል ተብሎ ተይዟል፤ ገበሬዎቹ የተከለውን ችካል ይነቅሉበት ነበር። እሱም ቆይቶ ከ1,500 በላይ የእብነ በረድ ምልክቶችን ተከለ። አለት በገጠመው ቦታ ደግሞ የብረት ካስማ በእርሳስ ማዕድን አጣብቆ ቀበረ። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንድ አለት ላይ የእሱ ሳይሆን አይቀርም የሚባል የብረት ካስማ ዛሬም ይታያል፤ ለመንገድ መገናኛ የታሰበ ነበር።